ከ50 46 ያመጣች ተማሪ ታክሲ ማስቆም አቃታት፤ መናገርን እንዴት ነው የምትፈትኑት?

ጠመኔ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። አራት ኪሎ አካባቢ ለውጭ አገር ሰዎች አማርኛ አስተምራለሁ። ፒያሳ የነበረችኝ ክፍል ከፈረሰች ወዲህ ካፌ ነው የምንቀመጠው።

ሰሞኑን አንዷን ተማሪዬን የሦስት ወር ፈተና ፈተንኳት። ባዶ ቦታ ሙዪ፣ አዛምጂ፣ እውነት ወይም ሐሰት በዪ። እኔም ድሮ የተፈተንኩት እሱን ነው። ከ50 46 አመጣች። ደስ ብሏት ታክሲ ያዘች። ቤቷ ቀበና ነው። ስትደውልልኝ መገናኛ ደርሳለች።

ለካ «ወራጅ አለ» ብላ ነበር። ግን «አለ»ን አላላችው። «ወራጅ እንዲህ አለ» እንደማለት ሆነ፣ ያውም በቀስታ። ከኋላ የተቀመጡት «ወራጁ ምን አለ?» ብለው ሳቁ። እሷ ደንግጣ ዝም። ረዳቱም አልሰማም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም፣ የእኔ ፈተና ደግሞ ፊደል ብቻ ነው። (ራሱ «ይጠብቃል» የሚለው ቃል እንኳ እንደ አነባበቡ ሁለት ትርጉም አለው። ይህን ለፈረንጅ ማስረዳት ያለበት ሰው ይዘንለት።)

ሌላው እርማት ነው። «ትናንት እሄዳለሁ» ስትለኝ «አሃ፣ ትናንት ሄድሽ?» እላታለሁ። «አዎ» ብላ ትቀጥላለች። በማግስቱ ያው «ትናንት እሄዳለሁ»። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ስድስት ኪሎ፦
ከእርማቱ ልጀምር፣ እሱን አጥንቼዋለሁ። ሮይ ሊስተርና ሌይላ ራንታ እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጡት ጥናት አለ። ካናዳ ውስጥ ልጆች በፈረንሳይኛ የሚማሩባቸው አራት ክፍሎች ገብተው መምህራኑ ስህተት እንዴት እንደሚያርሙ ቆጠሩ። 55 በመቶው ልክ እንዳንተ ነው፤ መምህሩ ትክክለኛውን ራሱ ብሎት ያልፋል። ተማሪዎቹ ለዚህ ዓይነቱ እርማት አጸፋ የሰጡት ግን 31 በመቶ ያህል ጊዜ ብቻ ነው። አይገርምም። «አሃ፣ ትናንት ሄድሽ?» ስትላት ወሬዋ የጣመህ ነው የሚመስላት እንጂ የታረመች አይመስላትም። መምህሩ «ትናንት ምን…?» ብሎ ጀምሮ ዝም ሲል ግን ሁሌም አንድ ነገር ይሉ ነበር። መለሰ ማለት ተማረ ማለት አይደለም፣ እሱን አልልህም። ቢያንስ ግን እርማቱን ሰምቷል። ስለዚህ ዝም ማለት ልመድ። ለአስተማሪ ከባድ ነው።

አዳሜ፦
እኔ አፌን የፈታሁት በአማርኛ ነው። እንቅልፍ ወስዶኝ መገናኛ የደረስኩበት ቀን ግን ብዙ ነው። አይዟት በልልኝ።

እትዬ ፒያሳ፦
ልጄ፣ 30 ዓመት አማርኛ አስተምሬ ነው ጡረታ የወጣሁ። አንተ ራስህ አትፈትናት። ጆሮህ ለምዷታል፤ ስትሳሳትም ትረዳታለህ። የታክሲው ሰው ግን ያንተ ጆሮ የለውም።

ለመስማቱ ሁለት ሥዕል ያዝ። አንዱ ገና ጨዋታ፣ አንዱ ገና ያልነጋ ሌሊት። «ገና ነው» በላት፣ አንዴ አጥብቀህ፣ አንዴ አላልተህ። የቱ እንደሆነ ትጠቁም። ለመናገሩ ደግሞ ጉልት ላካት። ሎሚ ትግዛ። አንተ ራቅ ብለህ ቁም። እንዳታግዛት!

የነቀምቴው፦
እኔ አማርኛን የተማርኩት ከአፋን ኦሮሞ ቀጥሎ ነው። መጥበቅና መላላት በእኛም ትርጉም ይለውጣል፣ ግን በቁቤ የሚጠብቀው ፊደል ሁለት ጊዜ ይጻፋል። አማርኛ ሳነብ ግምት ነበር። ኋላ በሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ በእርሳስ ነጥብ ማድረግ ጀመርኩ። መጽሐፌ ኩፍኝ የወጣበት ይመስል ነበር፣ ግን ረድቶኛል።

ከሁሉ የከበደኝ «አንተ»ና «አንቺ» ነው። በእኛ ለወንድም ለሴትም «አቲ» ነው። አዲስ አበባ በገባሁ ሰሞን አከራዬን፣ የ60 ዓመት እናት፣ «አንተ ቁልፉን ስጠኝ» አልኳቸው። ሳምንት አኮረፉኝ። ትምህርት ቤት የአማርኛ ውጤቴ ግን ጥሩ ነበር። እንዲህ ያለውን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

ጠመኔ፦
እትዬ፣ ያሉኝን አደረግኩ። 100 ብር ሰጥቼ ላክኋት፤ እኔ ከመንገዱ ማዶ ቆምኩ። ሻጯ ሁለት ጊዜ «እ?» አለቻት። ሦስተኛው ላይ ተግባቡ። ብዙ አወሩ፣ ሳቁም። መጨረሻ ላይ ሙዝ ይዛ መጣች። «ሎሚውስ?» አልኳት። «ሎሚ አልቋል። ነገ ይመጣል አለችኝ። ሙዝ ጥሩ ነው አለች፣ አሥር ብር ቀነሰችልኝ» አለችኝ። «ቀነሰችልኝ»ን አጥብቃ!

ሎሚ ግን አላመጣችም። ከ10 ስንት ልስጣት?