ኦሪጅናል ቦርሳዬን ለሽያጭ አውጥቼ በብራንዱ ቅሬታ ተነሳብኝ፤ ምን ላድርግ?

ሰናይት (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ግራ ገብቶኝ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት በስጦታ ያገኘሁት የታወቀ ብራንድ የቆዳ ቦርሳ አለኝ። አራት አምስት ጊዜ ብቻ ነው የያዝኩት። አሁን ገንዘብ ስላስፈለገኝ አንድ ትልቅ የኦንላይን መገበያያ ላይ ለሽያጭ አወጣሁት። በማግስቱ ስገባ ተነስቷል። የደረሰኝ መልእክት «በመብት ባለቤቱ ቅሬታ ተነስቷል፤ ከተደገመ አካውንትዎ ሊታገድ ይችላል» ይላል። ቦርሳው ፌክ አይደለም። ከብራንዱ ከራሱ ሱቅ ነው የተገዛው። ደረሰኙ ግን እጄ ላይ የለም። የራሴን ዕቃ እንዳልሸጥ እንዴት እከለከላለሁ? መልሼ ላውጣው ወይስ ልተወው? እንደ አጭበርባሪ መቆጠሬ በጣም ነው ያሳዘነኝ።

ዮናስ
አይዞሽ እህቴ። ያገለገሉ ሰዓቶች ስለምሸጥ ይሄ ነገር እኔም ላይ ደርሷል። ከሁሉ በፊት፣ ምክንያቱን ሳታውቂ መልሰሽ እንዳታወጪው። ሁለተኛ ጥፋት ሆኖ ይያዝብሻል። ብዙ ሰው አካውንቱ የሚዘጋበት በዚህ ነው።

ቀጥለሽ መልእክቱን እስከ ታች አንብቢው። ቅሬታው «ዕቃው ፌክ ነው» የሚል ሊሆን ይችላል። «ስማችንን ወይም አርማችንን ያለአግባብ ተጠቅመሻል» ወይም «ፎቶው የእኛ ነው» የሚልም ይኖራል። መልሱ እንደ ቅሬታው ይለያያል። ለምሳሌ ኢቤይ ቬሮ የሚባል አሠራር አለው። ብራንዶች እዚያ ተመዝግበው ቅሬታ ያስገባሉ፣ ኢቤይ ደግሞ ማስታወቂያውን ያነሳል። ቦርሳሽን በእጁ ይዞ አገላብጦ ያየው ሰው የለም። ስለዚህ ፌክ ነው ተብሎ እንደተፈረደብሽ አትቁጠሪው።

ለመሆኑ ፎቶዎቹን ያነሳሻቸው ራስሽ ነሽ?

ሰናይት
ሁለቱን አዎ። የመጀመሪያውን ግን ከብራንዱ ድረ ገጽ ነው የወሰድኩት፤ ጥርት ያለ ስለነበር። ችግር አለው እንዴ?

ዮናስ
አለው። ቦርሳው ያንቺ ነው፣ ፎቶው ግን የእነሱ ነው። የቅጂ መብት አለበት። እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው እሱን ነው። ቅሬታው እውነት በፎቶው ከሆነ አትከራከሪ፣ ፎቶውን ቀይሪ።

በአሜሪካ ሕግ በቅጂ መብት ቅሬታ ለተነሳ ነገር መቃወሚያ ማስገባት ይቻላል። ከሳሹ ፍርድ ቤት ካልሄደ ከ10 እስከ 14 የሥራ ቀን ውስጥ ይመለሳል። ግን ያ የሚሆነው ፎቶው የራስሽ ሆኖ በስህተት ከተነሳ ነው። ቅጹ ላይ በመሐላ ስለሆነ የምትፈርሚው፣ በሌላ ሰው ፎቶ እንዳትሞክሪው።

ህሊና
የንግድ ምልክት ጉዳይ ላይ ስለምሠራ ስለ መሸጥ መብትሽ ትንሽ ልጨምር። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

በአሜሪካም በአውሮፓም መነሻው አንድ ነው። ብራንዱ ዕቃውን አንዴ ከሸጠ በኋላ፣ ያ ዕቃ ሳይለወጥ እንደገና ሲሸጥ የንግድ ምልክቴ ነው ብሎ መከልከል አይችልም። አውሮፓ ላይ ግን አንድ ነገር አለ። ዕቃው መጀመሪያ በብራንዱ ፈቃድ የተሸጠው በአውሮፓ የኢኮኖሚ ቀጠና (የአውሮፓ ኅብረት አገሮችና ጥቂት ጎረቤቶቻቸው) ውስጥ መሆን አለበት። ሲሉኤት የተባለ የኦስትሪያ መነጽር አምራች ፋሽናቸው ያለፈ 21,000 ፍሬሞች ለቡልጋሪያ ገበያ ሸጦ ነበር። ቡልጋሪያ ያኔ የኅብረቱ አባል አልነበረችም። ፍሬሞቹ ተመልሰው ኦስትሪያ ሱቅ ውስጥ ተገኙ። የአውሮፓ ፍርድ ቤት በ1998 እንደወሰነው፣ ከቀጠናው ውጭ የተደረገ ሽያጭ የአምራቹን መብት አያስቀርም።

ይሄ አንቺን እንዳያስደነግጥሽ። የሚመለከተው ነጋዴዎችን ነው። በመዋቢያ አምራቹ በሎሬያልና በኢቤይ ክርክር ያው ፍርድ ቤት በ2011 ነገሩን አብራርቶታል። አንድ ግለሰብ የግል ዕቃውን በኦንላይን መገበያያ ቢሸጥና ሽያጩ ንግድ ካልሆነ፣ ብራንዱ በንግድ ምልክት መብቱ ሊከለክለው አይችልም። በብዛትና በተደጋጋሚ ከሸጥሽ ግን እንደ ነጋዴ ልትታዪ ትችያለሽ። አንድ ቦርሳ ንግድ አይደለም።

ዳኒ
እኔ ግን ብራንዶች «አማዞን ላይ አትሽጡ» ብለው መከልከል እንደሚችሉ ተፈርዷል ሲባል ሰምቻለሁ። ታዲያ እንዴት ነው ነገሩ?

ህሊና
ትክክል ነህ፣ ተፈርዷል። ግን የተፈረደው በሌላ ሰው ላይ ነው። የ2017ቱ የኮቲ ጉዳይ ነው። ኮቲ የሽቶና የመዋቢያ ኩባንያ ነው። ጀርመን ውስጥ የራሱ ሕጋዊ አከፋፋይ የሆነን ሻጭ በአማዞን በኩል እንዳይሸጥ ፈለገ። ያው የአውሮፓ ፍርድ ቤት፣ የዕቃውን የቅንጦት ገጽታ ለመጠበቅ እንዲህ ያለ ክልከላ በውል ማስገባት ይቻላል አለ። ክልከላው የሚያስረው ውሉን የፈረመውን አከፋፋይ ነው። ሰናይት ከብራንዱ ጋር የፈረመችው ነገር የለም። ሁለቱን ማምታታት ሰዎችን በከንቱ ያስፈራል፣ እኔን በጣም የሚያበሳጨኝም ይሄ ነው።

ዳኒ
ገባኝ፣ አመሰግናለሁ። ቴስተር ሽቶስ? ሁለት ጠርሙስ አሉኝ።

ህሊና
እሱን ተወው። በዚያው በ2011 ውሳኔ፣ ለደንበኛ ማሳያ በነጻ የተሰጠ ቴስተር ለሽያጭ እንደቀረበ አይቆጠርም ተብሏል።

ቤቲ
የብራንዶቹንም ችግር እንይላቸው። ፌኩ በዝቷል። የጌጣጌጥ ኩባንያው ቲፋኒ ኢቤይን ከሶ ነበር። በ2010 ኒው ዮርክ ያለው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት፣ መገበያያው ፌክ ዕቃ እንዳለ በጥቅሉ ማወቁ ብቻ ተጠያቂ አያደርገውም አለ። የትኛው ማስታወቂያ እንደሆነ ለይቶ ማወቅ አለበት። ስለዚህ ብራንዶቹ አንድ በአንድ እየለቀሙ ይጠቁማሉ፣ ሲለቅሙ ደግሞ እንዳንቺ ያለ ንጹሕ ሰውም አብሮ ይለቀማል።

አጻጻፍሽ ላይም ተጠንቀቂ። አርማውን ለብቻው አትለጥፊ፣ ከብራንዱ ጋር የምትሠሪ የሚያስመስል ቃልም አትጠቀሚ። ዋት ጎዝ አራውንድ ካምዝ አራውንድ የሚባል ያገለገሉ ዕቃዎች ሻጭ ሻኔል ከሶት፣ በ2024 ኒው ዮርክ ያለ ጁሪ (ከተራ ሰዎች የተመረጠ የዳኞች ጉባኤ) 4 ሚሊዮን ዶላር ፈርዶበታል። ፌክ ዕቃ መሸጡ ብቻ አልነበረም ክሱ፤ ከሻኔል ጋር ግንኙነት ያለው አስመስሏል የሚልም ነበረበት። «የግል ቦርሳዬ፣ ያገለገለ» ብለሽ በግልጽ ጻፊው።

ሰናይት
ተመልሼ መጣሁ። መገበያያውን ጠየቅኩ። ቅሬታው በፎቶው ብቻ ነው አሉኝ! ስለ ፌክ የተባለ ነገር የለም። ቦርሳውን የገዛልኝ ሰው ደግሞ ደረሰኙን ኢሜይሉ ውስጥ ፈልጎ አገኘው። እፎይ አልኩ። አሁን ሁሉንም ራሴ አነሳለሁ። ደረሰኙንም አብሬ ልለጥፈው?

ዮናስ
እንኳን ደስ አለሽ! ደረሰኙ ላይ ስምና የካርድ ቁጥር ካለ ሸፍኚው። የቦርሳውንም ተከታታይ ቁጥር ሙሉውን አታሳዪ፤ ፌክ ሠሪዎች ገልብጠው ይጠቀሙበታል። ሙሉውን ገዢው ከጠየቀሽ በግል ላኪለት። ስፌቱን፣ ዚፑን፣ የውስጡን ማኅተም በቀን ብርሃን በቅርበት አንሺ። የተጫረ ቦታ ካለም አትደብቂ፣ አሳዪው። ከማውጣትሽ በፊት ለመገበያያው «ፎቶውን ቀይሬያለሁ፣ መልሼ ላውጣ?» ብለሽ ጻፊላቸው። መልሳቸውን አስቀምጪው፣ ብራንዱ ደግሞ ቅሬታ ካመጣ ታሳያቸዋለሽ።