የማስተርስ ብድሬ ከአካውንቴ ጠፋ፤ እስከ አርብ ካልከፈልኩ ልሰረዝ ነው!

ማሂ_ሁለተኛ_ዓመት፦
ሰላም ለሁላችሁ። አሜሪካ ሶሻል ወርክ ማስተርስ እየተማርኩ ነው። ዛሬ ጠዋት አካውንቴን ስከፍት የፌደራል ብድሬ የለም። ባለፈው ሳምንት "የሚጠበቅ" ይል ነበር፤ አሁን ዜሮ ሆኗል። እስከ አርብ ካልተከፈለ ከክፍል ትሰረዣለሽ የሚል ኢሜይልም መጥቷል። ብደውል 40 ደቂቃ ሙዚቃ አሰምተውኝ ተቋረጠ። እባካችሁ ምን ላድርግ?

የማታ_ተማሪ፦
ፋፍሳ (የፌደራል የትምህርት ብድርና እርዳታ ማመልከቻ) ሞልተሻል? ለየዓመቱ አዲስ መሞላት አለበት።

ማሂ_ሁለተኛ_ዓመት፦
ሞልቻለሁ። ግሪን ካርድም አለኝ።

የድሮው_አስተማሪ፦
ልጄ፣ ቅር እንዳይልሽ። ሶሻል ወርከር ደሞዙ ይታወቃል። ፊልዱ (በኤጀንሲ የሚሠራው የተግባር ልምምድ) ብቻ ቢያንስ 900 ሰዓት ነው፤ አብዛኛው ደግሞ ያለ ክፍያ ነው። በነፃ እየሠሩ በብድር መማር ነገ ትከሻ ያጎብጣል። እኔ ብሆን አንድ ዓመት ሠርቼ፣ አጠራቅሜ እመለስ ነበር።

ሀና_ካውንቲ፦
ጋሼ፣ ምክርዎ ጥሩ ነው፤ ግን ልጅቷ እስከ አርብ ነው ያላት። ደግሞ ለመንግሥት ወይም ለትርፍ ላልቆመ ድርጅት ሙሉ ሰዓት የሠራ፣ 120 ክፍያ ከከፈለ በኋላ የቀረው የፌደራል ብድር ይሰረዝለታል። እኔ 70 ላይ ደርሻለሁ። ማሂዬ፣ ደንግጠሽ ከግል ባንክ እንዳትበደሪ! እሱ በዚህ አይሰረዝም።

ዮኒ፦
ቆይ፣ መጀመሪያስ ለምን ትበደሪያለሽ? ባችለርሽ ሶሻል ወርክ ከሆነ በአድቫንስድ ስታንዲንግ (የሶሻል ወርክ ባችለር ላላቸው ባጠረው ማስተርስ) በአንድ ዓመት ገደማ ትጨርሺ ነበር። ታይትል ፎር ኢ የሚባልም አለ። የልጆች ጥበቃ ላይ ለመሥራት ፈርመሽ ገንዘብ ይሰጡሻል።

ማሂ_ሁለተኛ_ዓመት፦
ባችለሬ አካውንቲንግ ነው። የታይትል ፎር ኢ ማመልከቻም እኛ ጋ አልፏል።

የማታ_ተማሪ፦
ፋፍሳሽ ተፈርሟል ወይ? እሱን እይው።

ቤዛ፦
የጎደለውን በግራድ ፕላስ ሙዪው፤ ለድህረ ምረቃ ተማሪ የሚሰጠው ተጨማሪ የፌደራል ብድር ነው።

ሀና_ካውንቲ፦
ቤዛ፣ ግራድ ፕላስ ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪ አይሰጥም። ለማስተርስ የቀረው የተለመደው የፌደራል ብድር ነው፤ ጣሪያው በዓመት 20,500 ዶላር ነው።

ነርሷ_እህታችሁ፦
የት ነው የምትሠሪው? አሠሪ በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ያለ ታክስ ለትምህርት ሊከፍልልሽ ይችላል። እኔ የተማርኩት በዚያ ነው። ለአርብ ባይደርስም ጠይቂ።

ፊልድ_ላይ_ያለሁ፦
ማሂ፣ አንድ ነገር ንገሪኝ። በዚህ ሴሚስተር ስንት ክሬዲት ነው የሚያሳይሽ? ፊልድሽ ተመዝግቧል? እኔ ላይ ይሄው ደርሶብኛል። ቢያንስ የሙሉ ጊዜ ተማሪን ግማሽ ክሬዲት ካልወሰድሽ የፌደራል ብድር አይለቀቅም። የማስተርስ ግማሽ ስንት ክሬዲት እንደሆነ የሚወስነው ትምህርት ቤቱ ነው። የእኔ ኤጀንሲ የፊልድ ውሉን ሳይፈርም ቆይቶ፣ የፊልዱ ክሬዲት ስላልገባ ብድሩ በራሱ ጊዜ ጠፋ። ማንም አልነገረኝም፤ ሦስት ቀን አለቀስኩ። ፋይናንሻል ኤይድን (የብድርና እርዳታ ቢሮውን) ትተሽ መጀመሪያ ፊልድ ቢሮ ሂጂ፣ በአካል። ከዚያ የክፍያ ቢሮውን በወር በወር የመክፈያ ዕቅድ ጠይቂ። ብዙ ቦታ የመጀመሪያዋን ከከፈልሽ አይሰርዙሽም። የመለሱልሽን በኢሜይል አስጽፊ።

ማሂ_ሁለተኛ_ዓመት፦
ወይኔ! 3 ክሬዲት ብቻ ነው የሚያሳየው! ሱፐርቫይዘሬ እረፍት ላይ ስለሆነች አልፈረመችም። ሌላ ሰው መፈረም ይችላል?

ፊልድ_ላይ_ያለሁ፦
የእኔን የፈረመው የሱፐርቫይዘሬ አለቃ ነበር። አሁኑኑ ደውይላቸው፣ ቢሮ ሳይዘጋ።

ማሂ_ሁለተኛ_ዓመት፦
እየሄድኩ ነው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ!

የድሮው_አስተማሪ፦
ልጄ፣ ይቅናሽ። ከአርብ በፊት የሚጎድልሽ ካለ እዚሁ ጻፊ፤ እናዋጣለን።

ሀና_ካውንቲ፦
ማሂዬ፣ ዛሬ ቅዳሜ ነው። ምን ደረሰሽ?

ሰላም_አዲስ_ገቢ፦
እኔም ዛሬ ዜሮ ሆኖብኝ ነው እዚህ የመጣሁት። ክሬዲቴ 4 ይላል። ፊልድ_ላይ_ያለሁ፣ አለሽ?