ፌስቡክ ለሰለቸው ወገን፦ የቅዳሜ ማታ ጨዋታ ከሐዋሳ

ሰላም ለሁላችሁ። «ፌስቡክና ቲክቶክ አንገሸገሹኝ፣ ከአገር ቤት ሰው ጋር ስደዋወል ደግሞ ከሰላምታ በኋላ ወሬ ያልቅብናል» ብላ የጻፈችው እህታችን ጉዳይ ልቤን ነክቶታል። እኔ ከአሜሪካ ተመልሼ ሐዋሳ የምኖር ሰው ነኝ። ያንን መሰላቸት እዚያም እዚህም ስለማውቀው ረዘም አድርጌ ልመልስ።

የአጎቴን ልጅ የሠርግ ፎቶ ለማየት ስልኬን እከፍታለሁ፤ የማላውቃቸው ሰዎች አንድ የማላውቀውን ሰው ሲሰድቡ ሳነብ ይመሻል። ስዘጋው የሌላ ሰው ንዴት ደረቴ ላይ ይቀራል። ለአገሩ አዲስ ለሆነ ሰው የቤትና የሥራ ማስታወቂያ ስለሚገኝበት ፌስቡክ እንደሚጠቅም አልክድም። ለጨዋታ ግን አይሆንም።

እኔን ያሳረፈኝ ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የተባለው ጨዋታ ነው፤ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የፈጠሩት፣ እ.ኤ.አ. በ1974 የታተመ። አንዱ ተራኪ ይሆናል፤ ሌሎቹ አንዳንድ ገጸ ባሕርይ ይይዙና የሚያደርጉትን ይናገራሉ። መሳካቱ ሲያጠራጥር ሃያ ገጽ ያለው ዳይስ ይጣላል፤ በወጣው ቁጥር ላይ የገጸ ባሕርዩ ችሎታ ተደምሮ ተራኪው ከወሰነው ቁጥር ካላነሰ ይሳካል። የቀረው ሁሉ ወሬ ነው። «ተረት ተረት፣ የላም በረት» እየተባለ ላደገ ሰው ደግሞ ይህ አይከብድም።

እኛ ድራጎኑን ትተን የራሳችንን ሐይቅ አስገብተናል። አሞራ ገደል የዓሣ ገበያነቱ ቀርቶ የወደብ ምሽግ ሆኗል፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎችም መልእክት ያመላልሳሉ። የምንሰበሰበው ታቦር ተራራ ግርጌ ባለ ቤት በረንዳ ላይ ሲሆን፣ ሜሪላንድ ያለው የእህቴ ልጅ ቡና በያዘው ቴርሞስ ላይ በተደገፈ ስልክ አብሮን ይቀመጣል። ይህ ልጅ በአማርኛ ስናናግረው በእንግሊዝኛ ይመልስ ነበር። አንድ ቅዳሜ የእሱ የጨው ነጋዴ በሌሊት ሐይቁን መሻገር ነበረበት፤ እኔ ደግሞ እምቢተኛው ቀዛፊ ነኝ። «አባቴ፣ መሽቷል፣ ልጆች ይጠብቁኛል፤ ጨው ልስጥዎትና ያሻግሩኝ» አለኝ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እየፈለገ። ማንም አላረመውም። ጎረቤቴ ዳይሱን በእሱ ፈንታ ጣለችለት፤ 13 ወጣ። ችሎታው 3፣ የሚያስፈልገው 15። በረንዳው በጩኸት ተናጋ፤ እህቴም ምን ሆናችሁ ብላ በስልኩ ብቅ አለች። ልጁ አሁን በሳምንቱ መካከል እየደወለ ስለ ጨው ነጋዴው ያወራኛል፣ በአማርኛ።

ለመጀመር ወጪ የለውም። መሠረታዊ ሕግጋቱ እ.ኤ.አ. በ2023 ማንም በነፃ እንዲጠቀም በሚያስችል ክሪኤቲቭ ኮመንስ በተባለ ፈቃድ ስለተለቀቁ በነፃ ይወርዳሉ። ዳይስ ከሌለ ከ1 እስከ 20 የተጻፈባቸው ወረቀቶች ታጥፈው ከብርጭቆ ዕጣ ይወጣል፤ የወጣው ወረቀት ተመልሶ ይግባ እንጂ። ኔትወርክ ሲደክም ምስሉን አጥፍቶ በድምፅ ብቻ መቀጠል ይቻላል። ከአምስት ተጫዋች በላይ አትሁኑ፤ ተራ የሚጠብቅ ሰው ስልኩን መነካካት ይጀምራል።

እህቴ፣ ዋሽንግተን አካባቢ ከሆንሽ ሰዓቱ ይመቻል፦ በሐዋሳ ቅዳሜ ከምሽቱ 2 ሰዓት በእናንተ ከቀኑ 7 ሰዓት ነው፤ ሰዓታችሁን ወደ ኋላ ስትመልሱ ደግሞ 6 ሰዓት። በጨዋታችን ምሽጉ በር ላይ ደርሰናል፣ ሐኪም ሆኖ የሚጫወት ግን የለንም። ፈቃድሽ ከሆነ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።