«ፋያ ዳዪ»ን ከ10 ስንት ትሰጡታላችሁ? ዘጋቢ ፊልምንስ በምን ትመዝናላችሁ?

ባለ አራት ኪሎ

ጤና ይስጥልን። ቅዳሜ ማታ ማታ ከታላቅ እህቴ ጋር አራት ኪሎ ባለው ቤታችን ፊልም ማየት ከጀመርን ሁለት ወር ሆኖናል። ፊልሙ እንዳለቀ ሳንነጋገር ከ10 የምንሰጠውን ነጥብ በቁራጭ ወረቀት ላይ እንጽፋለን፤ ከዚያ ወረቀቶቹን ገልጠን ቡና እየጠጣን እንከራከራለን። እስካሁን ካየናቸው መካከል ስለ ሦስቱ የእናንተን አስተያየት መጠየቅ እፈልጋለሁ፤ በተለይ በሦስተኛው እህቴና እኔ ልንግባባ አልቻልንም።

የመጀመሪያው የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማትን፣ በ2009 ደግሞ በዋጋዱጉ የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል የሆነውን የፌስፓኮን ታላቅ ሽልማት ያገኘ ሥራ ስለሆነ ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል ብዬ አስባለሁ። ጀርመን ተምሮ የኖረው አንበርብር ወደ ትውልድ መንደሩ ተመልሶ እናቱ ቤት ሲቀመጥ፣ ያለፈው ዘመን እየተቆራረጠ ይመጣበታል። ለግዳጅ ውትድርና ከሚደረገው አፈሳ የሸሹት የመንደሩ ልጆች ዋሻ ውስጥ ተደብቀው የሚታዩበት ክፍል እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። 140 ደቂቃው አንዳንድ ቦታ ላይ ስለከበደኝ 8 ሰጠሁት፤ እህቴ 9 ሰጠችው።

ሁለተኛው በ2020 የወጣው የታማራ ማርያም ዳዊት «ፋይንዲንግ ሳሊ» የተሰኘ ዘጋቢ ፊልም ነው። አዘጋጇ የኢሕአፓ አባል ሆና ወደ ኅቡዕ ትግል ስለገባችውና ቤተሰቧ ዳግመኛ ስላላያት አክስቷ ስለ ሰላማዊት፣ በቤት ስሟ ሳሊ፣ ዘመዶቿን እየዞረች ትጠይቃለች። ሁለታችንም 9 ሰጠን።

ጥያቄዬ ያለው በ2021 በወጣው የጄሲካ በሽር «ፋያ ዳዪ» ላይ ነው። አዘጋጇ ልጅነቷን ሐረር አሳልፋ በደርግ ዘመን ከቤተሰቧ ጋር ወደ ሜክሲኮ የሄደች ሴት ናት፤ ከዓመታት በኋላ ተመልሳ፣ ካሜራውን ራሷ ይዛ፣ በጥቁርና ነጭ ስለ ጫት የሠራችው የሁለት ሰዓት ፊልም ነው። ምስሉ እጅግ ያማረ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን የሚናገረው ድምፅ የማን እንደሆነ ብዙ ጊዜ አይታወቅም፤ ገበሬው ከአንድ ዙርባ ምን ያህል እንደሚያገኝ፣ ጫቱ ወዴት እንደሚጫን፣ ቡናው ለምን እንደተነቀለ የሚያስረዳ ሰው የለም። እኔ ከዘጋቢ ፊልም የምጠብቀው ሳላውቅ ገብቼ አውቄ መውጣትን ነው። ስለዚህ 5 ሰጠሁት። እህቴ ወረቀቷን ስትገልጥ 9 ይላል! «አንተ ዜና ነው የፈለግኸው» አለችኝ። እንደ እናንተ አስተያየት ዘጋቢ ፊልም መረጃውን ማስቀረቱ ነጥብ ሊያስቀንሰው አይገባምን?

የድምፅ ባለሙያ፣ ቸርችል ጎዳና

ሰላም ለእርስዎና ለእህትዎ። እኔ ኑሮዬ ከድምፅ ቀረጻ ጋር የተያያዘ ስለሆነ መልሴ ወደዚያው ማዘንበሉ አይቀርም፤ አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ፊልሙን ያዩት በምን ነው? በላፕቶፕ ከሆነና ድምፁን ከላፕቶፑ ራሱ ከሰሙት፣ ነጥብ የሰጡት ለግማሹ ፊልም ነው ማለት እደፍራለሁ።

በተለመደው የዘጋቢ ፊልም አሠራር ተናጋሪው ካሜራው ፊት ይቀመጣል፣ ስሙና ሥራው ከሥር ይጻፋል፣ ከዚያ ለተናገረው ነገር ማስረጃ የሚሆን ምስል ይለጠፋል። «ፋያ ዳዪ» ይህን ማሰሪያ ፈትቶታል። ድምፁ ከአንድ ሰው ይነሣል፣ ምስሉ የጭስ ወይም የጭጋግ ይሆናል፣ ተናጋሪውን ፊት ለፊት የምናገኘው ምናልባት ከብዙ ደቂቃ በኋላ ነው፤ አንዳንዱን ጨርሶ አናገኘውም። ሹክሹክታ የሚመስሉት ንግግሮች ሲቀረጹ ማይክሮፎኑ ለአፍ በጣም ቀርቦ እንደነበር ያስታውቃል፣ ትንፋሹ ሳይቀር ይሰማልና። ቅጠሉ ሲቀነጠስ የሚያወጣው ድምፅም እንዲሁ ከሩቅ ሳይሆን እጃችን ላይ ያለ ያህል ነው የሚደርሰን። ይህ በአጋጣሚ የሚመጣ ነገር አይደለም፤ ሰዓታት የሚፈጅ ሥራ ነው።

የእርስዎ ቅሬታ ትክክለኛ የሚሆነው ፊልሙ መረጃ ሊሰጥ ቃል ገብቶ ቢያስቀር ነበር። እርሱ ግን ገና ከመጀመሪያው በሐረር ስለ ሕይወት ውኃ ፍለጋ በሚተረከው የሱፊዎች ተረት ነው የሚጀምረው፤ መንገዱን በግልጽ አሳይቶናል። የቀረውም የምርቃና ሰዓት ነው፤ በርጫ የተቀመጠ ሰው አንዱን ሐሳብ ጥሎ ሌላውን እያነሣ ሲጓዝ እንደሚታየው ፊልሙም እንደዚያው ይጓዛል። እኔ 9 ሰጥቼዋለሁ። አንዱን ነጥብ ያስቀረሁት ከመካከሉ ትንሽ ከፍ ብሎ ያለው ክፍል ስለሚደጋገም ነው። እባክዎ በጆሮ ማዳመጫ፣ መብራት አጥፍተው አንድ ጊዜ ይድገሙት።

የሐሮማያ ልጅ

ከላይ የጻፉትን ወንድሜን አከብራለሁ፤ ነገር ግን እኔ የተወለድኩት እዚያው አካባቢ ስለሆነ ፊልሙን በሌላ ዓይን ነው ያየሁት። አሁን የምኖረው ጎላ ሚካኤል አጠገብ ነው፤ ያየሁትም እዚሁ በስልኬ ነው።

ጠያቂው «አያስረዳም» ያሉት ነገር ብዙው ፊልሙ ውስጥ አለ፤ የሚያስረዳው ግን በእጆች ነው። ጫት ከተቀጠፈ በኋላ ጉልበቱ የሚቆየው ሁለት ቀን ገደማ ነው፤ ከጠወለገ ዋጋ የለውም። ስለዚህ ከእርሻ እስከ አወዳይ ገበያ፣ ከአወዳይ እስከ ድሬዳዋ፣ ከዚያም እስከ ጅቡቲና ሶማሊያ ድረስ ሁሉም ሰው ይሮጣል። በመጋዘኑ ትዕይንት ሠራተኞቹ ቅጠሉን ሲለዩ፣ ሲያስሩና ሲጠቀልሉ ቀና ብለው እንኳ የማያዩት ለዚህ ነው። እኔም በልጅነቴ ከትምህርት ቤት መልስ እንደዚያ ሳስር አምሽቻለሁ፤ ሌሊት አውራ ጣቴ አረንጓዴ ሆኖ ነበር የምተኛው፣ በሳሙናም አይለቅም። በዚያው ፊልም ግን ያንኑ ቅጠል የሚቅሙት ሰዎች ሲታዩ ጊዜው ይቆማል። አንዱ ቅጠል ለአንደኛው ሰው ጥድፊያ፣ ለሌላኛው ደግሞ ሰዓት የሌለው ቤት ነው። ይህን በቁጥር የሚነግረኝ ፊልም ቢመጣ እንደዚህ አይገባኝም ነበር።

ታዲያ ለምን 7 ብቻ ሰጠሁት? ፊልሙ ሥቃዩን በጣም ስላሳመረው ነው። መሐመድ የሚባለው ልጅ አባቱ በጫት ምክንያት የሚሆነውን ስለማይችለው ጥሎ ለመሄድ ያስባል። በእኛ ቀዬ እንዲህ ያለ አባት ያለው ልጅ ቤቱ ውስጥ ሲሆን የዕጣኑ ጭስ በብርሃን ውስጥ ሲጠማዘዝ አያይም፤ የሚያየው የአባቱን ፊት ነው፣ ዛሬ በምን ጠባይ እንደተነሣ ለማወቅ። ካሜራው ወደዚያ ፊት ደጋግሞ ሊሄድ በሚገባው ጊዜ ወደ ጭሱ ሄዷል። ስለ ውኃውም ቢሆን እንዲሁ። የሐሮማያ ሐይቅ አንድ ወቅት ደርቆ ነበር፤ ለመስኖ፣ ከዚያም ውስጥ ለጫት፣ ያለ ልክ መቀዳቱ፣ ለሐረር ከተማም የመጠጥ ውኃ መሆኑ፣ ከተራራው የሚወርደው ደለልም ተጨምሮበት። አጎቴ ጀልባ ይቀዝፍበት በነበረው ቦታ ላይ በእግራችን ተሻግረናል። ይህንን የሚያህል ነገር በትዝታ ድምፅ ብቻ ሲታለፍ ቅር ብሎኛል። ሐይቁን ማን ጠጣው የሚለውን ለመጠየቅ አንድ ገበሬ ፊት ለፊት ቢቀመጥ የፊልሙ ውበት አይቀንስም ነበር።

ጡረተኛ መምህርት፣ ፒያሳ

እኔ «ፋያ ዳዪ»ን ገና አላየሁትም፤ አስተያየት የምሰጠው በሌሎቹ ሁለቱ ላይ ነው። «ጤዛ»ን 10 እሰጠዋለሁ። ልጄ፣ ከበደኝ ያልከው ርዝመት እኔን አልከበደኝም፤ በ1969 ዓ.ም. የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ስለነበርኩ ይሆናል። አንበርብር አንዱን ነገር ጀምሮ ሌላው እየገባበት የሚያስታውስበት መንገድ እኛም የምናስታውሰው በዚያው መልክ ስለሆነ እውነት ነው።

«ፋይንዲንግ ሳሊ»ን ግን ከእናንተ አንድ ዝቅ አድርጌ 8 ሰጥቼዋለሁ፤ ምክንያቴን ስጽፍ አዘጋጇን ለመንቀፍ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። እኅትማማቾቹ ለዘመናት ሳያነሡት የኖሩትን ስም እንደገና አፋቸው ላይ ሲያደርጉት ፊልሙን አቁሜ ውኃ ጠጥቼ ነው የቀጠልኩት። ፊልሙን የተሸከመው ግን ፎቶግራፍ ነው። የአምባሳደር ቤተሰብ ስለነበሩ ልጅቷ ከልጅነቷ ጀምሮ ፎቶግራፍ አላት። በእኛ ሰፈር እንደዚያ የቀረ ልጅ ቢበዛ አንዲት የተማሪ መታወቂያ ፎቶግራፍ ነው ያለው፤ እርሷንም ፍተሻ ሲመጣ ያቃጠሉ እናቶች አሉ። መስቀል አደባባይ ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የጎበኘ ሰው በግድግዳው ላይ የተደረደሩትን ትንንሽ ፎቶግራፎች ያስታውሳል፤ እነዚያ የተገኙት ናቸው።

ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት እናት ልጃቸው ከቀረ በኋላ የቀበሌው ሰው የራሽን ካርዱን ሊያድስ በመጣ ቁጥር «የቤተሰብ ብዛት ስድስት» ብለው ያጽፉ ነበር። አምስት እንደሆኑ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የእርሱን ድርሻ ስኳር ግን ቤት አያስገቡትም፤ ከቀበሌው ሱቅ በር ላይ ለመጀመሪያ ያገኙት ልጅ መዳፍ ላይ ይገለብጡታል። ከእኔም መዳፍ ላይ ገልብጠዋል። እንግዲህ የእኚህን እናት ዘጋቢ ፊልም የሚሠራ ሰው ምን ያሳያል? ፎቶግራፍ የለም፣ ደብዳቤ የለም፣ ካርዱም ጠፍቷል፣ እርሳቸውም ካረፉ ቆይተዋል። የሚቀረው የሚያስታውሱት ሰዎች ድምፅና የሱቁ ቦታ ነው፤ እርሱም በአሁኑ ጊዜ ሕንፃ ሆኗል። የድምፅ ባለሙያው ስለ «ፋያ ዳዪ» የጻፉትን ሳነብ ያሰብኩት ይህንኑ ነው፤ የተናጋሪው ስም ከሥር ስላልተጻፈ ብቻ ነጥብ ከተቀነሰ፣ ማስረጃ የሌለው ቤተሰብ ሁሉ ፊልም አይገባውም ማለት እንዳይሆንብን እሰጋለሁ።

ባለ አራት ኪሎ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የድምፅ ባለሙያው እንደገመቱት ያየነው በላፕቶፕ ነበር፤ እሑድ ከሰዓት መጋረጃውን ዘግቼ በጆሮ ማዳመጫ ብቻዬን ደገምኩት። ትንፋሹን ሰማሁት። ከዚህ ይልቅ ግን የለወጠኝ የሐሮማያ ልጅ ስለ እጆቹ የጻፉት ነው፤ መጀመሪያ ሳይ «ማሰሩ በጣም ረዘመ» ብዬ ለእህቴ ያጉረመረምኩበትን የመጋዘን ትዕይንት በዚህኛው ጊዜ ሁለቴ መለስኩት፤ ከሠራተኞቹ መካከል እጇ ማሰሩን ሳያቆም ዓይኗ ብቻ ለአንድ አፍታ ወደ በሩ የሄደ ሴት አየሁ። መጀመሪያ ሳየው እርሷን ጨርሶ አላስተዋልኳትም።

5ቱን ወደ 7 ከፍ አድርጌዋለሁ። ከዚያ በላይ እንዳልሄድ የያዘኝ አሁንም የሐይቁ ጉዳይ ነው፤ መረጃውን በእጅና በድምፅ ማሳየት እንደሚቻል ተቀብያለሁ፣ የሐይቁን መድረቅ ግን በዚያ መንገድ አላሳየኝም፣ በጨረፍታ ነው የነገረኝ። እህቴ የተባለውን ሁሉ ካነበበች በኋላም ከ9 አልተነቃነቀችም፤ ስለ አባትየው ፊት የተጻፈውን ግን ሁለቴ አንብባ ዝም አለች።

መምህርት፣ «ፋያ ዳዪ»ን ሲያዩት ነጥብዎን እዚሁ እንዲጽፉልን እለምናለሁ። «ጤዛ»ንም ከእርስዎ መልስ በኋላ በመጪው ቅዳሜ እንደገና ልናየው ወስነናል፤ ወረቀቶቹን ከመግለጣችን በፊት ስለ ርዝመቱ ላለመናገር ለእህቴ ቃል ገብቻለሁ።