አዳምና ሔዋን ያላፈሩት ስላላወቁ ነው ወይስ ክብር ስለነበራቸው?

ጠያቂው፦ ሰላም ለሁላችሁ። ዘፍጥረት 2፥25 አዳምና ሚስቱ ዕራቁታቸውን እንደነበሩ፣ ግን እንዳልተፋፈሩ ይነግረናል። "እንደ ሕፃን ስለነበሩ ነው" የሚለው መልስ በፍጹም አልተዋጠልኝም። አዳም ገነትን እንዲያበጅና እንዲጠብቅ አደራ የተሰጠው ሰው ነው። ለእንስሳቱ ስም ያወጣውም እሱ ነው። ሔዋንን ገና ሲያያት "አጥንት ከአጥንቴ" አለ። ይሄ ምንም የማያውቅ ሰው ነው?

የልጆች እናት፦ ወንድሜ፣ ሕፃን ማለት እኮ ምንም የማያውቅ ማለት አይደለም። የሦስት ዓመቷ ልጄ ገላዋን ታጥባ ስትወጣ ፎጣውን ጥላ እንግዳ ፊት ትሮጣለች። ማን ዘመድ፣ ማን ጎረቤት እንደሆነ አሳምራ ትለያለች። በክፉ ዓይን የሚያያት ሰው እንዳለ ግን አታውቅም። ቅዱስ ሄሬኔዎስም በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሁለቱን እንደ ልጆች ነው የገለጻቸው።

መምህሩ፦ እህቴ፣ ሄሬኔዎስን ማንሳትሽ ጥሩ ነው። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ግን ብርሃን ለብሰው ነበር። ሶርያዊው ቅዱስ ኤፍሬምም ያላፈሩት ክብር ስለለበሱ ነው ይላል። ሲበድሉ የተገፈፉት ያንን ጸጋ ነው።

ሌላ አባል፦ መምህር፣ በአክብሮት ልጠይቅ። ምዕራፉ ላይ የብርሃን ልብስ አልተጻፈም። የተጻፈውን እንይ። 3፥7 ላይ የበለስ ቅጠል ሰፍተው አገለደሙ። 3፥10 ላይ አዳም "ዕራቁቴንም ስለ ሆንሁ ፈራሁ" አለ። ልብ በሉ፣ ይህን ያለው ካገለደመ በኋላ ነው! ቅጠሉ ሰውነቱን ሸፈነለት፣ ፍርሃቱን ግን አልሸፈነለትም። ሲጠየቅ ደግሞ ጥፋቱን በሚስቱ ላይ አላከከ። ለእኔ አለመተፋፈር ማለት በእግዚአብሔርም በትዳር ጓደኛም ፊት የሚደበቅ ነገር አለመኖር ነው።

የልጆች እናት፦ እዚህ ላይ እስማማለሁ። ለዚህ ነው ልጆችን ሰውነታችሁ ራሱ ነውር ነው እያልን ማሸማቀቃችን የሚያንገበግበኝ። ሰውነት የተፈጠረው ከበደሉ በፊት ነው።

መምህሩ፦ ማሸማቀቁን እኔም አልደግፍም። መሸፈን ግን ውርደት አይደለም። በ3፥21 የቁርበት ልብስ አድርጎ ያለበሳቸው ራሱ እግዚአብሔር ነው። መጽሐፈ ኩፋሌም ከእንስሳት ሁሉ ኀፍረቱን እንዲሸፍን የተሰጠው ለአዳም ብቻ መሆኑን ይናገራል።

ጠያቂው፦ መምህር፣ ልብሱን ተቀብያለሁ። የሕፃንነቱን ነገር ግን አሁንም አልቀበልም። "አትብላ" የሚል ትእዛዝ የተሰጠው ሰምቶ መምረጥ ለሚችል ሰው ነው።