አማካይ ደረጃ ወጣ፣ ክሊክ ወረደ፤ የኤአይ ማጠቃለያውን ጉዳት እንዴት ነው የምትለኩት?

ሰነፍ_ብዕር፦
ሰላም ጓዶች። የማብራሪያ ጽሑፎች የማወጣበት ሳይት አለኝ። ሰርች ኮንሶል (ሳይትህ ጉግል ፍለጋ ላይ ስንተኛ እንደወጣና ስንት ጊዜ እንደተጫነ የሚያሳየው የጉግል መሣሪያ) አማካይ ደረጃህ ተሻሽሏል ይለኛል፣ ክሊኩ ግን ቁልቁል ነው። ደረጃዬ ከወጣ ሰው ለምን አይገባም? ጉግል ከላይ የሚያወጣው የኤአይ ማጠቃለያ እየበላኝ ይመስለኛል፣ ግን በጥርጣሬ ብቻ ተነስቼ ጽሑፎቼን ማፍረስ አልፈልግም። በማጠቃለያው ምክንያት የጠፋውንና ተፎካካሪ የወሰደብኝን ክሊክ ለይታችሁ የምትከታተሉ ካላችሁ ንገሩኝ። የሚከፈልበት መሣሪያ ግዛ የሚለኝ ካለ መጀመሪያ ለምን እንደሆነ ያስረዳኝ።

ከጀርባ_ኮድ፦
ሰርች ኮንሶል ላይ ለብቻው አታገኘውም፣ የማጠቃለያው ክሊክና ኢምፕሬሽን (ሊንክህ ስንት ጊዜ እንደታየ) ከተራው የዌብ ውጤት ጋር ተደምሮ ነው የሚመጣው። ደረጃህ የወጣውም ከዚሁ የተነሳ ሊሆን ይችላል። በጉግል አቆጣጠር ማጠቃለያው እንዳለ አንድ ቦታ ነው፣ ውስጡ ያሉት ሊንኮች ሁሉ ያንኑ ቁጥር ይይዛሉ። ስለዚህ ማጠቃለያው አናት ላይ ከወጣና ያንተም ሊንክ ውስጡ ከታየ፣ ከታች በተራው ዝርዝር 6ኛ ብትሆንም ሪፖርቱ 1ኛ ብሎ ይመዘግብሃል። አንባቢው ደግሞ መልሱን እዚያው አንብቦ ይሄዳል። ደረጃ ወጣ ክሊክ ወረደ ማለት ይኸው ነው።

ቁጥር_ፈታሽ፦
ትክክል፣ ግን ሁሉንም በኤአይ አታሳብቡ። በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 2025 ጉግል በአንድ ገጽ 100 ውጤት የሚያስከፍተውን ፓራሜትር (የፍለጋው አድራሻ ላይ የሚጨመር ትእዛዝ) ዘጋው። ደረጃ የሚከታተሉ መሣሪያዎች በዚያ እየገቡ ነበር እስከ 100ኛ ያለውን የሚለቅሙት፣ እና 70ኛና 80ኛ ላይ ያለ ገጽ ሁሉ ማንም ሰው ሳያየው ኢምፕሬሽን ይቆጠርለት ነበር። ያ ሲቀር የብዙ ሳይቶች ኢምፕሬሽን ወደቀ፣ አማካይ ደረጃቸው ደግሞ በአንድ ጊዜ አማረ። የምታወዳድረው ጊዜ ያንን ወር የሚያቋርጥ ከሆነ አማካዩን ተወው፣ ሲቲአሩንም (ከታየበት ጊዜ ምን ያህሉ እንደተጫነ) አትመነው፤ ክሊክን ከክሊክ ጋር ብቻ አወዳድር።

ሰነፍ_ብዕር፦
የማወዳድረው ያንን ወር ያቋርጣል 🙂 ታዲያ ምኑን ልያዝ?

ማታ_ሠሪ፦
እኔ የማደርገውን ልንገርህ። ሰው ጉግል ላይ ጽፎ አንተ ጋ የሚደርስባቸውን ጥያቄዎች ለሁለት ክፈል። አንዱ ወገን «እንዴት»፣ «ለምን»፣ «ምንድን ነው» የሚሉት፤ ሌላው የሳይትህን ስም ይዘው የሚመጡት ወይም ሰው አንድ ነገር ሊያወርድ፣ ሊገዛ ብሎ የሚፈልጋቸው። ሰርች ኮንሶል በሬጄክስ (ቃላትን በንድፍ መፈለጊያ አጻጻፍ) ያጣራልሃል። የመጀመሪያው ወገን ብቻ ከወረደና ሁለተኛው ካልተነካ፣ ማጠቃለያውን መጠርጠር ያስኬዳል። ሁለቱም አብረው ከወረዱ ሌላ ጣጣ አለብህ፣ ኢንዴክስ (ገጾችህ ጉግል መዝገብ ውስጥ መኖራቸው) ይሁን የሳይትህ ፍጥነት ይሁን ፈትሽ።

ከዚያ ክሊክ ያመጡልህ የነበሩ ዋና ዋና ጥያቄዎችን ምረጥና በየሳምንቱ በኢንኮግኒቶ፣ በተመሳሳይ ስልክና ቋንቋ ፈልጋቸው። ሦስት ነገር ብቻ መዝግብ፤ ማጠቃለያ ወጣ ወይስ አልወጣም፣ አንተን ጠቀሰ ወይስ አልጠቀሰም፣ ከሥሩ በተራው ዝርዝር ስንተኛ ነህ። በተራው ዝርዝር ቦታህን ሳትለቅ ማጠቃለያ በሚወጣባቸው ላይ ክሊክ ከወደቀ ነገሩ ግልጽ ነው። ቦታህን ከለቀቅክ ግን የበለጠህ ሰው አለ፣ ሂድና ጽሑፉን አንብብለት። አሰልቺ ሥራ ነው፣ ማጠቃለያውም ዛሬ ወጥቶ ነገ ይጠፋል፣ ለዚህ ነው አንድ ጊዜ አይቶ መፍረድ የማይሆነው። የሚከፈልበት መሣሪያ የሚጠቅመው ጥያቄዎቹ በእጅ ከሚቻለው በላይ ሲበዙ ነው።

ቁጥር_ፈታሽ፦
እና ማጠቃለያው ጠቀሰን ብላችሁ ቶሎ አትደሰቱ። ፒው የምርምር ማዕከል በ2025 ባወጣው የአሜሪካ ተጠቃሚዎች ጥናት፣ ማጠቃለያ ከታየባቸው ፍለጋዎች ተራ ሊንክ የተጫነባቸው 8% ናቸው፣ ካልታየባቸው 15%። ማጠቃለያው ውስጥ ያለው ሊንክ የተጫነባቸው ደግሞ 1% ብቻ።

ሰነፍ_ብዕር፦
1%? ታዲያ ለምን ከነጭራሹ አልከለክለውም? ጉግል ኤክስቴንድድን (ጉግል ጽሑፍህን ለኤአይ እንዳይጠቀም የሚከለከልበትን ስም) በሮቦትስ ፋይል (ሳይቱ ለፈላጊ ሮቦቶች የሚፈቅደውንና የሚከለክለውን በሚጽፍበት ፋይል) መዝጋት ይቻላል ሲሉ ሰምቻለሁ።

ከጀርባ_ኮድ፦
እሱ ለዚህ አይሠራም፣ ፍለጋ ውስጥ ያለውን ማጠቃለያ አይነካውም። የሚሠራው ኖስኒፔት (ከገጹ ቀንጭበህ አታሳይ የሚል ኮድ) ነው፤ ግን እሱን ካደረግክ በተራው ውጤት ሥር የምትወጣዋ ሁለት መስመር መግለጫም አብራ ትጠፋለች፣ ከዚያ ርዕስህን ብቻ አይቶ ማን ይጫናል? ከፈለግክ ዳታ ኖስኒፔትን ተጠቀም፣ የገጹን አንድ ክፍል ብቻ ነው የሚሸፍነው። ትራፊኳ የማያስጨንቅህን ገጽ ምረጥና እሷ ላይ ሞክር፣ ዋናዎቹን አትንካ።

ሰነፍ_ብዕር፦
እሺ፣ ጥያቄዎቹን ለሁለት በመክፈሉ እጀምራለሁ። ሬጄክሱን በደንብ የጻፈ ሰው ካለ እዚህ ይለጥፍልኝ፣ የኔው ግማሹን ጥያቄ እየዘለለ ነው።