ጥቆማ፦ የድሮ የጦርነት ቦርድ ጌም ስካን የሚያደርግ ቤት ከአያት እስከ ጣፎ

የአያቷ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አጎቴ አሜሪካ ተምሮ ሲመለስ ያመጣው «አፍሪካ ኮርፕስ» የሚባል ቦርድ ጌም አለን። አቫሎን ሂል የሚባል የአሜሪካ ጌም አሳታሚ በ1964 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው፤ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሰሜን አፍሪካ ውጊያ ነው። ወንድሜ አዳማ ስለገባ በኮምፒውተር ልንጫወተው አስበናል። ካርታው ኤ4 ስካነር ላይ አይበቃም። ሳያበላሽ ስካን የሚያደርግ ቤት የምታውቁ? ሮሜል የሚባለው ካርቶን (የጀርመኑ ጄኔራል መጫወቻ) ደግሞ ጠፍቶብናል።

ሰሚት 72፦ ገበጣ ጠፍቶ ነው? ለእሱ ስካነር አያስፈልግም፣ መሬት መቆፈር ብቻ ነው።

ከለቡ፦ እህቴ፣ እኔ የደረሰብኝን ስሚ። ኤስፒአይ የሚባል ጌም አሳታሚ ያወጣው የድሮ ካርታ ነበረኝ፣ 22 በ34 ኢንች። ሰፈር ያለ ኮፒ ቤት ሰጥቼ ሻይ ልጠጣ ወጣሁ። ስመለስ ልጁ በፈገግታ «እንዳይቀደድብህ ላሚኔት አድርጌልሃለሁ» አለኝ። ማሽኑ ስላልበቃው መሃሉን በመቁረጫ ለሁለት ከፍሎታል! መቁረጫው ያለፈው ደግሞ ዋናው ከተማ ላይ ነው። የላሚኔቱንም ሒሳብ ተቀበለኝ።

ኮዬ ፈጬ፦ ውይ! በፀጉር ማድረቂያ ብታሞቀው አይለቅም?

ከለቡ፦ ሞከርኩት። ፕላስቲኩ ሲላጥ ቀለሙን ይዞት ሄደ።

ጣፎ ነኝ፦ የኛ ሰፈር ልጅ ጋ ሂጂ፣ ከፋርማሲው ጎን ነው። አሥር ዓመት ሙሉ እሱ ጋ ነው የማሠራው።

የአያቷ፦ ኤ3 ስካነር አለው?

ጣፎ ነኝ፦ እሱን እንኳ አላውቅም። ግን ልጁ በጣም ትሑት ነው።

ሰሚት 72፦ በትሕትና ይቆርጥልሻል።

ቱሉ ዲምቱ፦ ቆይ፣ የቸኮላችሁ ይመስለኛል። መጀመሪያ ቫሳል የሚባለውን በኮምፒውተር ቦርድ ጌም መጫወቻ ፕሮግራም አውርጂ። ነፃ ነው። አዲሱ የዊንዶውስ እትም የሚያስፈልገውን ጃቫ የሚባል ፕሮግራም ይዞ ስለሚመጣ ሌላ ነገር አትጭኚም። «አፍሪካ ኮርፕስ» ተሠርቶ የተቀመጠ ሞጁል (የጌሙ ካርታና ካርቶኖች ያሉበት ፋይል) አለው፤ ስካኑም ላያስፈልግሽ ይችላል። ሮሜልም እዚያ ውስጥ አለ፣ አይጠፋም። አንድ ነገር ግን ልብ በይ፦ ቫሳል ሕጉን አያውቅም። ካርቶኑን ያንቀሳቅሳል፣ ዳይስ ይጥላል፣ በቃ። ወንድምሽ ቢያጭበረብር ዝም ነው የሚለው። መብራት ሲሄድም ችግር የለም፤ ተራሽን በፋይል ቀድተሽ በቴሌግራም ትልኪለታለሽ፣ እሱ ሲመቸው ከፍቶ ያየዋል።

የአያቷ፦ አመሰግናለሁ ወንድሜ! ግን የኛው ካርታ ላይ አጎቴ በእርሳስ የጻፋቸው ነገሮች አሉ። እነሱን ነው የምፈልገው። ቶብሩክ አጠገብ «እዚህ ተሸነፍኩ» የሚል አለ።

ቱሉ ዲምቱ፦ እንደዚያ ከሆነ ስካኑ ይገባሻል። በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ይሁን። ግማሽ ኢንች ካርቶን 150 ፒክስል ይወጣዋል፣ ይበቃል። ካርታውን በቁርጥራጭ አንሥተሽ ኮምፒውተር ላይ ስታገጣጥሚ ጠርዙ ላይ ትንሽ ይደራረብ፤ አለዚያ የካርታው ባለ ስድስት ጎን ቤቶች አይገጥሙም። ለራሳችሁ ተጫወቱበት እንጂ ኢንተርኔት ላይ አትልቀቂው። አቫሎን ሂልን በ1998 እ.ኤ.አ. ሃስብሮ የሚባለው የአሻንጉሊት ኩባንያ ገዝቶታል፣ ባለቤት አለው።

ጀሞ 3፦ ቴብልቶፕ ሲሙሌተር የሚባለው ፕሮግራም ይሻላል፣ ዳይሱ እጅሽ ላይ ያለ ነው የሚመስለው።

ቱሉ ዲምቱ፦ በዶላር ካርድ የሚከፈልበት ነው እኮ። ላፕቶፑም ጠንካራ መሆን አለበት።

ጀሞ 3፦ የኔ ላፕቶፕ ይችላል።

ጡረተኛው፦ ልጆች፣ ካርታን አትናቁ። ዓድዋ ላይ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ማለት ነው፣ ኢጣልያኖች የኪዳነ ምሕረትን ኮረብታ በካርታቸው አሳስተው ነው ጄኔራላቸው አልበርቶኔ ከሌሎቹ ተነጥሎ ወደፊት የሄደው። ደግሞ ለምን የዓድዋን ራሳችሁ አትሠሩም?

ከለቡ፦ ጋሼ፣ እነሱ ካርታቸው ቢሳሳትም ለሁለት አልተቆረጠባቸውም።

ኮዬ ፈጬ፦ ይቅርታ፣ ዲግሪ ላሚኔት የሚያደርግ ጥሩ ቤት ጠቁሙኝ።

ከለቡ፦ አታድርጊው!!

ጣፎ ነኝ፦ ከፋርማሲው ጎን ያለው ልጅ ይሠራል።

የአያቷ፦ ሮሜል ተገኘ! የእማዬ ስፌት መኪና መሳቢያ ውስጥ፣ ከቁልፎች ጋር ነበር።

ቱሉ ዲምቱ፦ እልል! ካርታውንስ የት ስካን አስደረግሽው?

ጣፎ ነኝ፦ የኛው ልጅ ጋ ነው፣ አይደል?

ሰሚት 72፦ ዝም አለች። ይኸው ተቆርጧል ማለት ነው።